ባህል የሆነው ቶንሲሌ

የልጅ ልጄ ሜሮን ከቴፒ፣ ከዩኒቨርሲቲዋ ለእረፍት በመጣች ቁጥር አፏ ሥራ አይፈታም፤ ወይ ትበላለች ወይ ታወራለች፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ሁለቱንም ባንድ ላይ። ባለፈው ክረምት ሚዛን፣ ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ዝናቡ እስኪያባራ ስንጠብቅ፣ የተጠበሰ በቆሎዋን እየጋጠች፣ መምህራቸው የአካባቢያችሁን አንድ ባህል ሽማግሌዎች ጠይቃችሁ ጻፉ እንዳላቸው ነገረችኝ። «እኔ የመረጥኩት ለቅሶ ነው፣ እማማ» አለች። «እዚህ ሚዛንም ጠየቅኩ፣ ቴፒም ጠየቅኩ፣ ጌጫ ያለችው ጓደኛዬም አያቷን ጠየቀችልኝ። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው። የዚህ አገር ሰው ከጥንት ከአባቶቹ ጀምሮ ሲያለቅስ ድምፅ አያወጣም። ነጠላውን በግራ እጁ አፉ ላይ ይይዝና አንገቱን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጎ ዝም ይላል። ደስ አይልም? እንዴት ያለ ጥልቅ ባህል ነው!»

የያዝኩት የበቆሎ ፍሬ ትን አለኝ። ሜሮን በቆሎዋን ጥላ ጀርባዬን ትደልቀኝ ጀመር፤ እንባዬ ወረደ፣ እሷም ከትንታው መሰላት። እንዲመስላት ተውኳት። ያ «ጥንት» የምትለው ነገር የተወለደ ዕለት እኔ እዚያው ነበርኩ። ጥንት ማለት እኔ ነኝ፤ ገና በተዳርኩ በዓመቴ ያለሁ ልጅ ነበርኩ። አንገቴን ወደ ቀኝ ያዘነበልኩትም ለጥልቀት አይደለም፣ በግራ በኩል ያበጠው ቶንሲሌ አላዞር ብሎኝ ነው።

ከጅማ ወደ ሚዛን የመጣሁት ባውሮፕላን ነው። ይህን ስናገር ለዛሬ ልጆች ጉራ ይመስላቸዋል፤ እውነቱ ግን ክረምት ሲገባ መኪናው በየጭቃው እየተዋጠ ሌላ መምጫ ስላልነበረ ነው። አውሮፕላኑ የሚያርፈው ሣር ላይ ነው። ሊያርፍ ሲል ዘበኛው ፊሽካውን እየነፋ ሜዳው ላይ የተሰማሩትን ከብቶች ያባርራል፤ አንዲት እምቢተኛ ላም ከተገኘች አብራሪው እሷ እስክትወጣለት ሰማይ ላይ ሲዞር ይቆያል። ባለቤቴ ጌታቸው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበር፤ ቦላሌ ሱሪውን ለጭቃው እስከ ባቱ ጠቅልሎ ከዘበኛው ጎን ቆሞ ጠበቀኝ። የለበስኩት ቢጫ የቴትሮን ቀሚስ ነው። ነጭ ባለተረከዝ ጫማዬ አንዱ እግር ሣሩ ውስጥ ሰጠመና ተረከዙ እዚያው ቀረ፤ ሌላውንም አውልቄ ሁለቱን በአንድ እጄ አንጠለጠልኩ፣ በሌላው እጄ ጃንጥላዬን ዘርግቼ፣ በባዶ እግሬ ከተማ ገባሁ። ሴቶቹ በየአጥራቸው ላይ ሆነው ያዩኛል። ከዚያ ወዲያ በነበሩት እሁዶች ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው የሚሄዱ ሴቶች አየሁና እኔን መስሎኝ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። ጌታቸው ሳቀብኝ፤ «ከጭቃ ለማዳን ድሮም የሚያደርጉት ነው» አለኝ። በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ መዘርጋትን ግን ከእኔ ነው የተማሩት። ይህን ማንም አይክደኝም።

ያን ጊዜ ሚዛን እንዲህ አልነበረችም። ዛሬ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው ስወርድ የማየው የሞባይል ቤት፣ ባለመስታወት ሕንፃና የባጃጅ ጥሩምባ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ መንገዱ ግራና ቀኙ እንሰትና ጎደሬ ነበር፣ ዋርካው ሥር ደግሞ ከገጠር የመጡ ሴቶች ኮረሪማቸውን በክር ሰክተው እንደ ሐብል ዘርግተው ይሸጣሉ። ሙዝ በዘለላ ስሙኒ ነው። ማር በጣሳ ነው፣ ለዚያውም ነጩ ማር፤ ከነሰፈፉ የሚሰጡሽን ለመሸከም ታስቢያለሽ እንጂ ለዋጋው አታስቢም። ሻይ ቤቱ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ አንድ ቴፕ ነበረው። ካሴቱም አንድ ብቻ ይመስለኛል፤ ቀኑን ሙሉ ከመሰማቱ የተነሣ አንዱ ዘፈን መሐል ላይ ተጎድቶ፣ ዘፋኙ «ናፍቆት» ሲል «ናፍቆ-ኦ-ኦ-ት» እያለ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። የሚዛን ጎረምሳ ሁሉ ያን ዘፈን ሲያንጎራጉር እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ አብሮ ይንገዳገዳል። በኋላ ዘፈኑ በራዲዮ ደኅናው መጣ። ያን ጊዜ ሻይ ቤት የነበሩት ልጆች ፊታቸውን አጨማደው፣ «ይሄ አልቻለበትም፣ የኛ ይሻላል» እንዳሉ ጌታቸው ነግሮኝ እስኪያመን ስቀናል። ለመሳቅስ ቸኩለናል። የሳቅነው በራሳችን ነበር።

እኔን መምሰል ባንድ ጊዜ አልመጣም። መጀመሪያ የአስተዳዳሪው ሚስት ሻሿን እንደ እኔ ወደ ኋላ አሰረች። ከዚያ የክሊኒኩ ድሬሰር ሚስት። ከዚያ የቡና ነጋዴዎቹ ሚስቶች፣ ከዚያ እነሱ ቤት የሚሠሩት ልጆች፣ ከዚያ የልጆቹ እናቶች። ጎመን አከታተፌን ሳይቀር፤ እናቴ እንዳስተማረችኝ ቅጠሉን ጠቅልዬ ስለምቆርጠው፣ «የጅማዋ አቆራረጥ» ተባለ። ጌታቸው ማታ ቤት ሲገባ ያሾፍብኛል። «አንቺ ብታስነጥሺ እኮ ይህ ከተማ መሐረቡን ያወጣል» ይለኛል፤ ካልሆነም «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር» ብሎ ይጀምርና ተረቱን ሳይጨርሰው ይሮጣል፣ በማማሰያ እንደምከተለው ያውቃላ። ደስ ይለኝ ነበር። በአሥራ ምናምን ዓመት ዕድሜ፣ ማንም በማያውቅሽ አገር፣ የሄድሽበት ሁሉ ያንቺን ጥላ ማየት ደስ አይልም የምትል ካለች ውሸቷን ነው።

ከሁሉ አብልጣ የቀረበችኝ ታደለች ናት። የቤንች ልጅ ናት፤ ቤታቸውና ቤታችንን የሚለየው ጥቂት የቡና ዛፍ ብቻ ነበር። አማርኛዋ ያን ጊዜ ገና ነው፣ የእኔ ቤንችኛ ደግሞ ጭራሹን የለም፤ ግን ቀኑን ሙሉ ስናወራ እንውላለን፣ ምን እንደምናወራ ዛሬ ባስበው አይገባኝም። እናቷ በአካባቢው የታወቁ አልቃሽ ነበሩ። ሰው ሲሞት ይላክባቸዋል። ከቁልቁለቱ ሥር ሆነው ነው የሚጀምሩት፤ ገና ሳይታዩ ድምፃቸው ይመጣል። ሟቹ የተከላቸውን ተክሎች በስም ይጠራሉ፣ ቀፎ የሰቀለባቸውን ዛፎች አንድ በአንድ ይቆጥራሉ፤ ዋንዛውን፣ ብሳናውን፣ ወንዝ ዳር ያለውን ቀረሮ። ጌታችሁ ሞቷልና እወቁት እያሉ ንቦቹን ያረዳሉ። ቋንቋውን የማላውቀው እኔ እንኳ ድምፃቸው ሆዴ ውስጥ ገብቶ ያንገበግበኝ ነበር። እሳቸው ሲያለቅሱ የሞተው ሰው ስንት ነገር እንደነበረ ትረጂያለሽ።

በመጣሁ በዓመቱ፣ በክረምት፣ የጌታቸው እናት ሞቱ። አብረውን ይኖሩ ነበር፤ ይወዱኝም ነበር። እኔ ከሁለት ቀን በፊት ቶንሲሌ ተነሥቶብኝ ድምፄ ጨርሶ ጠፍቷል፤ ምራቄን መዋጥ አቅቶኛል። ታደለች ማርና ዝንጅብል አንድ ላይ ለውሳ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ታመጣልኝ ነበር፣ እሱም አልወርድ አለኝ። እንግዲህ በማግስቱ ለቅሶ ቤት፣ የሰሜኑ ሰው በሙሾው፣ ጉራጌው በቋንቋው፣ ከፊቾው በራሱ፣ የታደለች እናት ደግሞ ከቁልቁለቱ ሥር ጀምረው አማቴ የተከሏትን የጌሾ ቁጥቋጦ ስሟን እየጠሩ ሲያለቅሱ፣ ምራቲቱ እኔ ድምፄን ባወጣው እንደ ዶሮ ጫጩት ሲጥ ይላል። አፈርኩ። ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝኩ፤ አንገቴ ወደ ግራ አልዞር ስላለኝ ወደ ቀኝ ጣልኩት፤ እንባዬ ብቻ ይወርዳል። ማታ ላይ የአስተዳዳሪው ሚስት ለጎኗ ሴት እንዲህ ስትል ሰማኋት፦ «አየሽ ጨዋ ለቅሶ? ከተማ ያደገ ሰው ሐዘኑን እንኳ ሲይዘው ያምርበታል።»

በሳምንቱ ድምፄ ተመለሰ። ያኔ አንድ ቃል ብናገር፣ «ኧረ አሞኝ ነው እናንተ ሰዎች» ብዬ ብስቅ፣ ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። አልተናገርኩም። ጨዋ መባሉ ጣፈጠኝ። በሚቀጥለው ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ ገና ስገባ ሲያየኝ ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝኩ፣ አንገቴንም፣ ምንም ሳያመኝ፣ ወደ ቀኝ ጣልኩት። ያን ዕለት ሦስት አራት ሴቶች አብረውኝ ወደ ቀኝ ጣሉ። ዓመት ሳይሞላ ጮኾ ማልቀስ «የባላገር» ሆነ። በእርግጥ እኔ ብቻዬን አይደለሁም እላለሁ፤ በኋላ ፓስተሮቹም ተስፋ ያለው ሰው እንዲያ አይጮኽም ብለው አስተማሩ፣ ጮክ ብሎ ማልቀስ መንግሥት ፊት የሚያስጠይቅበት ጊዜም መጥቶ ሄደ። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ እነዚህን ሁሉ እደረድራለሁ። ግን የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው። ፓስተርም መንግሥትም አንገታችሁን ወደ ቀኝ አዘንብሉ አላሉም።

አሁን ወደማልወደው ቦታ ደረስኩ። የታደለች እናት ሞቱ። ያ ሁሉ አገር ያስለቀሱ ሴትዮ። ያን ጊዜ ታደለች ዮሐንስን አግብታ ነበር፤ ዮሐንስ ጫካ ውስጥ ቀፎ የሚሰቅል፣ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ፣ ዝናብ ቢመታው የማይገባ ሰው ነው። ለቅሶ ቤቱ ሞልቷል። አስከሬኑ ሊወጣ ሲል ታደለች ከተቀመጠችበት ተነሣች፤ ደረቷ ሲሞላ አየሁት፤ አፏ ተከፈተ፤ ልክ የእናቷ አፍ ነበር። ከዚያ ዞራ አየችኝ። ለምን እንዳየችኝ ይገባኛል፤ ፈቃድ ነው የጠየቀችኝ። በዙሪያዬ የአስተዳዳሪው ሚስት አለች፣ የነጋዴዎቹ ሚስቶች አሉ፣ ሁሉም እኔን ያያሉ። እኔ ነጠላዬን ወደ አፌ አነሣሁ። ሌላ ምንም አላደረግኩም። ታደለች አፏን ገጠመችና እሷም ነጠላዋን አነሣች፤ ያን ሁሉ ዛፍ በስም የሚጠሩት ሴትዮ አንዲት ሣር እንኳ ሳትጠራላቸው ተቀበሩ። ከቀብር ስንመለስ የአስተዳዳሪው ሚስት «ታደለች እንዴት ያለች ጨዋ ሆነች!» አለችኝ። እኔም «አዎ» አልኩ።

ብዙም ሳይቆይ ዮሐንስ ቴፒ፣ ቡና ልማቱ ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረና ተሰናብተውን ሄዱ። ጌታቸውም ሞተ፣ የአስተዳዳሪው ሚስትም ከባሏ ጋር ወደ አገሯ ሄዳ ወሬዋ ጠፋ። ከታደለች ጋር በበዓል በበዓል እንጠያየቃለን፣ በኋላ ደግሞ በስልክ። እሷ ስለ እናቷ አንስታ አታውቅም፣ እኔም አላነሣሁም። ነጠላ አፍ ላይ ማድረግ ግን እኛን አልጠበቀም፤ ወደ ቴፒ ሄደ፣ ወደ ጌጫ ወጣ፣ አንዴ ቱም የሄደ ዘመዴ እዚያም አይቶታል። እኔ ረስቼዋለሁ ብዬ አስብ ነበር፤ ሜሮን በበቆሎው ላይ እስክታነሣብኝ ድረስ።

ሜሮን ያን በነገረችኝ በሳምንቱ ግድም ስልኬ ጮኸ። የታደለች ልጅ ምሕረት ናት፤ ቴፒ ጤና ጣቢያ ነርስ ነች። «እትዬ የሺ፣ አባዬ ዐረፈ» አለች። «ትናንት ቀበርነው። እማዬ እንኳን በጣም ጠንክራለች። አንድ ድምፅ አልወጣትም። ሁልጊዜ ስለ እርስዎ አይደል የምትነግረን፣ ልክ እንደ እርስዎ ሆነችልን» አለችኝ። ልታጽናናኝ ነው እንዲህ ማለቷ። ስልኩን ስዘጋ ሜሮንን «ነገ ቴፒ እንሄዳለን» አልኳት።

በማግስቱ ከሜሮን ጋር በሚኒባስ ወደ ቴፒ ሄድን። ዝናብ ጥሎ ስላደረ መንገዱ ዳር ያለው ጫካ ይጨሳል። ሜሮን መስኮቱ ዳር ሆና ታወራለች። «መምህራችን ምን አሉ መሰለሽ፣ እማማ? ሰው ባህሉን በደም አይወርስም፣ እያየ ነው የሚቀዳው አሉ። እንደ ጉንፋን ነው፣ ከማን እንደያዘሽ እንኳ አታውቂም አሉ።» እኔ «የያዘው ባያውቅም ያስያዘው ያውቃል» አልኳት። «እንዴት?» አለችኝ። እንዴት እንደሆነ ብነግራት ደስ ባለኝ፤ ግን ከእሷ በፊት ሊሰማው የሚገባ ሰው ነበረ። ጉልበቴ በጠባቡ መቀመጫ ተጣጥፎ ሪሁ ሲጠዘጥዘኝ ነበር፤ በእጄ ጠፍ ጠፍ እያደረግኩ ቴፒ ደረስን።

ድንኳኑ ግቢውን ሞልቶታል። ብዙ ሰው አለ፤ የሚሰማው ግን ዝናቡ ከሸራው ላይ ሲንጠባጠብና የውሃ ጠርሙስ ክዳን ሲከፈት ብቻ ነው። ሴቶቹ በመደዳ ተቀምጠዋል፤ ሁሉም ነጠላቸው አፋቸው ላይ ነው፣ ሁሉም ወደ ቀኝ ዘንበል ብለዋል። ንፋስ እንዳጋደመው የማሽላ ማሳ። እነዚህ ልጆች እኔን አያውቁኝም፤ የጅማዋን ስም እንኳ የሰሙ አይመስለኝም። ቶንሲሌን ግን ተሸክመውታል። ወደ ኋላ ልመለስ ነበር፤ ሜሮን ክንዴን ይዛ አስገባችኝ።

ታደለች ፍራሹ ላይ ናት። አርጅታለች፣ እኔም አርጅቻለሁ። ዮሐንስ ከሞተ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም አለችኝ ምሕረት በጆሮዬ፤ ውሃም ስትውጥ ያንቃታል፣ «ዶክተሩ ምንም የለባትም ይላል» አለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ተቃቅፈን ቆየን። ጀርባዋ ላይ ያረፈው እጄ ውስጧ አንድ ነገር ከፍ ዝቅ ሲል ሰማው፤ መውጫ ያጣ ነገር ነበር። ያን ጊዜ ሌላ ቀን መጠበቅ እንደማልችል ገባኝ።

«ታዱ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አልኳት በጆሮዋ። «የጌታቸው እናት የሞቱ ጊዜ፣ ታስታውሺ የለ? ያኔ ዝም ያልኩት ጨዋነት አልነበረም። ቶንሲሌ አሞኝ ድምፄ ጠፍቶ ነው።»

ነጠላዋን ከአፏ ሳታወርድ አየችኝ። «አውቃለሁ እኮ» አለች። «ማርና ዝንጅብሉን ያመጣሁልሽ እኔ አይደለሁ?»

ይህን ሁሉ ዓመት ሸሽጌዋለሁ ያልኩትን ነገር መጀመሪያውኑ በቅጠል ጠቅልላ ያመጣችልኝ እሷ ነበረች።

«ታዲያ እያወቅሽ?» አልኳት። «ለእናትሽ እንኳ? እያወቅሽ?»

«አንቺን መምሰል ደስ ይለኝ ነበራ፣ የሺዬ» አለች። «ባውሮፕላን የመጣሽ ነሽ። ቶንሲልሽ ራሱ ያምር ነበር።» ፈገግ ልትል ሞከረች፤ ከንፈሯ ግን አልታዘዛትም። «እናቴን ሳላለቅስላት ቀረሁ። አሁን ዮሐንስንም እንደዚያው።»

«አልቅሺ! ማን ከለከለሽ? አሁን አልቅሺ።»

«መጀመሩ ነው ያቃተኝ። አፌ ረሳው። ልጆቹም ያፍራሉ» አለች፤ ወደ ምሕረት አየት አደረገች። «አንቺ ጀምሪልኝ።»

«እኔ? እኔ ደግሞ ለቅሶ የት ዐውቃለሁ፣ ታዱ?»

«እኔስ ዝም ማለት የት ዐውቅ ነበር?» አለችኝ።

ተነሣሁ። መነሣቴን ያየ ሁሉ ልሰናበት መሰለው። ነጠላዬን ከአፌ አወረድኩ። ድምፄ ሲወጣ ራሴው ደነገጥኩ፤ የቁራ ድምፅ ነበር፤ ያ ሁሉ ዘመን ያልሠራ ጉሮሮ ሌላ ምን ያወጣል? ሙሾ አላውቅም፣ ግጥም አላውቅም። የማውቀው የታደለች እናት ያደርጉ የነበረውን ብቻ ነው፤ እሱንም ከሩቅ የሰማሁትን። «ዮሐንስ!» አልኩ። «ዮሐንስ ወንድሜ! ቀረሮው ላይ ያለውን ቀፎህን ማን ያወርደዋል? ቀረሮው ላይ ያሉትን ንቦችህን ማን ይንገራቸው?» ጉልበቴ ከዳኝና ፍራሹ ላይ ወደቅኩ፤ ሪሁ ሲወጋኝ ጉልበቴን ሁለት ጊዜ በመዳፌ መታሁ። ምሕረት እየሮጠች መጣች፤ «እትዬ የሺ! ምን ሆኑ? ውሃ አምጡ እንጂ!» ትላለች። ሜሮን ዓይኗ ፈጦ ቀርቷል። ከሐፍረቴ የተነሣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ታደለች ልጇን በእጇ መለሰቻት። «ተያት» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ቀረሮው ላይ አይደለም» አለችኝ። «ቀረሮው ላይ አንድም ቀን ሰቅሎ አያውቅም። ዋንዛው ላይ ነው፤ ወንዙን ተሻግሮ ያለው ዋንዛ ላይ።» «ዋንዛ» ስትል ድምጿ ተሰበረ። አንድ ጊዜ ደግማ ጠራችው፣ አሁን በአማርኛ አይደለም። ነጠላዋ ጭኗ ላይ ወደቀ። ከዚያ የታደለች እናት ከቁልቁለቱ ሥር መጡ፤ ሌላ ማለት አልችልም፣ ያ ድምፅ ነው የመጣው። ከሠፈሩ ጥግ ያሉ አሮጊቶች ሰምተው ከየቤታቸው እየተጣደፉ ወጡ፤ አንዷ ገና ከመንገድ ላይ ሆና ተቀበለቻት። ዮሐንስ ዛፍ በዛፍ፣ ቀፎ በቀፎ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። ምሕረት የውሃውን ብርጭቆ እንደያዘች ቆማ እናቷን ታያለች፤ ከዚያ ብርጭቆውን አስቀመጠችና እግሯ ሥር ተደፍታ «አባዬ» ብላ ጮኸች።

አለቀስኩ። ለዮሐንስ፣ ለታደለች እናት፣ ድምፄ ተመልሶ ሳለ ዝም ላልኩበት ጊዜ ሁሉ አለቀስኩ። ይቅር ተብያለሁ ማለቴ አይደለም። ታደለች ይቅር አላለችኝም፣ እኔም ይቅርታ አልጠየቅኳትም፤ እናቷ አንዴ በዝምታ ተቀብረዋል፣ ያን የሚመልሰው የለም።

ሜሮን እየተሳበች አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። እንባዋ በጉንጯ እየወረደ፣ እንደ ልማዷ ደግሞ ምላሷ አላረፈም። «እማማ» አለች በጆሮዬ፣ «ቅድም ጉልበትሽን ሁለት ጊዜ የመታሽው፣ ባህሉ እንደዚያ ነው እንዴ?»

«ሪህ ነው ልጄ» አልኳት ወዲያው። «ሪህ ብቻ ነው። እንዲያውም ጻፊው።»

ቀና ስል ግን በመደዳው ላይ ያሉት ወጣት ሴቶች ነጠላቸውን ከአፋቸው አውርደዋል። እያለቀሱ ነው። አንዷ፣ ከዚያ ከጎኗ ያለችው፣ ከዚያ ሌላዋ፣ ጉልበታቸውን ሁለት ሁለት ጊዜ በመዳፋቸው ይመታሉ። ተነሥቼ «ኧረ አሞኝ ነው እናንተ ሰዎች» ልል አፌን ከፈትኩ። ታደለች ግን ገና የጫካውን ግማሽ እንኳ አልጠራችም ነበር።